ትልቅ ቴሌቪዥን ለጌም ሲገዛ ካርቶኑ ላይ የማይጻፈው ቁጥር

እአአ በ2012 ዝነኛው የኮምፒውተር ጌም ፈጣሪ ጆን ካርማክ በትዊተር ገጹ ብዙዎችን ያስገረመ አስተያየት ሰነዘረ። ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ በኢንተርኔት የሚላክ አነስተኛ መልዕክት ውቅያኖስ አቋርጦ የሚደርስበት ጊዜ፣ ፊት ለፊት ባለ ስክሪን ላይ አንዲት ነጥብ ብቅ ለማለት ከሚወስድባት ጊዜ ያነሰ ነው የሚል ነበር።

ነገሩ ቀልድ የመሰላቸው ነበሩ። "ዱም" የተሰኘውን ጌም ከፈጠሩት ባለሙያዎች አንዱ የሆነው ካርማክ ግን እንዴት እንደለካው አስረዳ። በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሳ ካሜራ እጁንና ስክሪኑን በአንድነት ቀርጾ፣ ቁልፉ ከተነካበት ቅጽበት ምስሉ እስከተለወጠበት ድረስ ያሉትን ምስሎች አንድ በአንድ ቆጠረ። የሞከረው ጭንቅላት ላይ የሚጠለቅ የሶኒ ማሳያ ከ70 ሚሊ ሰከንድ በላይ ወስዷል። ሚሊ ሰከንድ የአንድ ሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው።

ዛሬ ባለ 65 ኢንች ቴሌቪዥን ገዝቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሰቀለና ከልጆቹ ጋር የእግር ኳስ ጌም ለመጫወት የተቀመጠ ሰው ይህንኑ መዘግየት ሳያውቀው ይጋፈጠዋል። ግብ ጠባቂው ዘግይቶ ይወረወራል። ኳስ ለመቀማት የተጫነው ቁልፍ ተጋጣሚው ካለፈ በኋላ ይሠራል። ተጫዋቹ አንድም ጣቱን፣ አንድም ጆይስቲኩን፣ አንድም ኢንተርኔቱን ይወቅሳል። ምስሉ እጅግ ያማረ በመሆኑ ቴሌቪዥኑን የሚጠረጥረው ጥቂት ሰው ነው።

ባለሙያዎች "ኢንፑት ላግ" ይሉታል፤ በአማርኛ የግብዓት መዘግየት ብንለው ያስኬዳል። ከጌም ማጫወቻው የሚወጣው ምስል በገመዱ በኩል ቴሌቪዥኑ ዘንድ ከደረሰበት ቅጽበት አንስቶ በስክሪኑ ላይ እስኪታይ ያለው ጊዜ ማለት ነው። በሁለት ቴሌቪዥኖች መካከል ያለው ልዩነት ከአሥር እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ይባስ ብሎ አንዱ ቴሌቪዥን ራሱ በአንድ የሜኑ ምርጫ ብቻ ፈጣንም ቀርፋፋም ይሆናል።

*ከጣት እስከ ዓይን*

ጣት ቁልፉን ሲጫን የሚጀምረው ጉዞ በርካታ ጣቢያዎች አሉት። ጆይስቲኩ በገመድ ወይም በብሉቱዝ ለማጫወቻው ያሳውቃል፤ ይህ በአብዛኛው ጥቂት ሚሊ ሰከንዶችን ብቻ የሚወስድ ነው። ማጫወቻው የተጫዋቹን ትዕዛዝ አስልቶ አዲስ ምስል ይሥላል። እዚህ ላይ የጌሙ አሠራር ወሳኝ ነው። በሰከንድ 60 ምስል የሚያወጣ ጌም እያንዳንዱን ምስል ለመሣል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ሲኖረው፣ በሰከንድ 30 ብቻ የሚያወጣው ደግሞ 33.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ብዙ ጌሞች ከአንድ በላይ ምስል ወረፋ አሰልፈው ስለሚሠሩ፣ ምስሉ ገና ከማጫወቻው ሳይወጣ 50 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ ያለፈበት መሆኑ የተለመደ ነው።

በዚያ ላይ ነው ቴሌቪዥኑ የራሱን ድርሻ የሚጨምረው። ገዢው የጌሙን አሠራር መለወጥ አይችልም፤ ቴሌቪዥኑን ግን መምረጥ ይችላል።

*ቴሌቪዥኑ ምን ሲሠራ ነው የሚዘገየው?*

ትልቅ ስክሪን በመጠኑ ብቻ ዘገምተኛ አይሆንም። የ75 ኢንቹ ቴሌቪዥን ከ32 ኢንቹ የሚፈጥንበት ጊዜ ብዙ ነው። ችግሩ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች በቅድሚያ የሚሠሩት ለፊልም፣ ለስፖርትና ለሳተላይት ስርጭት መሆኑ ላይ ነው። ፊልም የሚመለከት ሰው ምስሉ አሥረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ቢደርሰው ምንም አይጎድልበትም፤ ድምፁም አብሮ እስከዘገየ ድረስ ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አምራቾች ይህን ነጻ ጊዜ ምስሉን ለማሳመር ይጠቀሙበታል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው እንቅስቃሴን የማለስለስ ሥራ ነው። ፊልም በአብዛኛው በሰከንድ 24 ምስል የሚቀረጽ ሲሆን ቴሌቪዥኑ በሰከንድ 60 ወይም 120 ጊዜ ያሳያል። ክፍተቱን ለመሙላት ቴሌቪዥኑ በሁለት እውነተኛ ምስሎች መካከል የሚገቡ ሰው ሠራሽ ምስሎችን ራሱ ይፈጥራል። የቴሌቪዥን ድራማ የሚመስል ከመጠን በላይ የለሰለሰ ፊልም ዓይቶ "ምን ሆኗል ይሄ?" ያለ ሰው የዚህን ሥራ ውጤት አይቷል። እዚህ ጋ አንድ ማምለጫ የሌለው ሐቅ አለ፤ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የሚገባን ምስል ለመፍጠር ሁለተኛውን አስቀድሞ ማየት ግድ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ የደረሰውን ምስል ይዞ ቀጣዩን ይጠብቃል። ማሽኑ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ ያልመጣውን ምስል ማየት ስለማይችል ይህን ጥበቃ ሊያስቀር አይችልም።

ሌሎችም ሥራዎች አሉ። ዝቅተኛ ጥራት ያለውን ምስል ወደ 4ኬ ያሳድጋል፤ በምስሉ ላይ ያለውን ብናኝ ያጠራል፤ ቀለሙንና ንፅፅሩን ያስተካክላል። የጀርባ ብርሃናቸው በብዙ ክፍል የተከፈለ ቴሌቪዥኖች ደግሞ የትኛውን ክፍል አድምቀው የትኛውን ማደብዘዝ እንዳለባቸው ለመወሰን ምስሉን መርምረው ማየት ይኖርባቸዋል። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ለፊልም በተስተካከለ ቴሌቪዥን ላይ መዘግየቱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ እስከ 100 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በሰከንድ 60 ምስል ለሚያወጣ ጌም፣ 100 ሚሊ ሰከንድ ማለት ተጫዋቹ የሚያየው ስድስት ምስል ወደኋላ የቀረውን ነው።

*አሮጌው ቴሌቪዥን በዚህ ይበልጥ ነበር*

ጀርባው ወፍራም የነበረው የድሮ ቴሌቪዥን ምስል የሚያስቀምጥበት ማህደረ ትውስታ አልነበረውም። ምልክቱ በገመዱ ሲገባ የኤሌክትሮን ጨረሩ እግር በእግር እየተከተለ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ይሥል ነበር። መዘግየት የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል አይታወቅም።

አንዳንድ ጌሞች በዚህ ላይ ተማምነው ተሠሩ። በ1980ዎቹ የኒንቴንዶ "ደክ ሃንት" ጌም ተጫዋቹ በሽጉጥ መሰል መሣሪያ በስክሪኑ ላይ የሚበሩ ዳክዬዎችን ይተኩስ ነበር። ምላጩ ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጨልምና የዳክዬዋ ቦታ ብቻ ነጭ ይሆናል፤ ሽጉጡ ውስጥ ያለው ብርሃን ጠቋሚ ነጩን ካየ ተኳሹ መትቷል። ብርሃኑ በተጠበቀበት ቅጽበት መታየት ስላለበት ያ ሽጉጥ በዛሬዎቹ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ላይ አይሠራም። እአአ በ2001 የወጣውን "ሱፐር ስማሽ ብሮስ ሚሌ" የሚወዳደሩ ተጫዋቾች እስከ ዛሬ ድረስ እነዚያን ከባድ ቴሌቪዥኖች ተሸክመው ወደ ውድድር የሚሄዱትም ለዚሁ ነው።

ጠፍጣፋ ስክሪን ሲስፋፋ በቅድሚያ የጮኹት የሙዚቃ ጌም ተጫዋቾች ናቸው። በሙዚቃ ጌም ቁልፉ ከምቱ ጋር እኩል መነካት አለበት፤ ምስሉ ከዘገየ ምቱ ሁሉ ይበላሻል። እአአ በ2008 ከ"ሮክ ባንድ 2" ጋር የወጣው ጊታር መሰል መቆጣጠሪያ ብርሃንና ድምፅ የሚለይ መሣሪያ በውስጡ ነበረው። ተጫዋቹ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲያዞረው የቤቱን መዘግየት ራሱ ለክቶ ጌሙን ያስተካክል ነበር። ብልሃቱ ለሙዚቃ ጌም ሠርቷል፤ የሚመጣው ምት አስቀድሞ የታወቀ ነውና። ተጋጣሚ ባለበት ጌም ግን ሊደረግ አይችልም።

*"ጌም ሞድ" የሚባለው ምርጫ*

አምራቾች ያገኙት መፍትሔ "ጌም ሞድ" ነው። ይህ ምርጫ ሲበራ ቴሌቪዥኑ ከላይ የተዘረዘሩትን ማሳመሪያዎች አብዛኞቹን አጥፍቶ ምስሉን በአጭሩ መንገድ ወደ ስክሪኑ ያሳልፋል። በጥሩ ዘመናዊ ቴሌቪዥን ላይ መዘግየቱ በሰከንድ 60 ምስል ሲሆን ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ፣ በ120 ሲሆን ደግሞ ወደ 5 ይወርዳል።

እነዚህ ቁጥሮች ከዚህ ብዙ ሊወርዱ እንደማይችሉ ማወቅ ጠቃሚ ነው። የ60 ኸርዝ ምስል ከላይ እስከ ታች ተሥሎ ለማለቅ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ የስክሪኑ መሐል ላይ የሚደርሰውም በግማሹ፣ ማለትም በ8.3 ሚሊ ሰከንድ ነው። መለኪያው ብዙውን ጊዜ መሐሉን ስለሚወስድ፣ 9 ወይም 10 ያስመዘገበ ቴሌቪዥን ከራሱ የጨመረው እምብዛም የለም ማለት ነው። በ9 እና በ11 መካከል ለመምረጥ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ትርፉ አይታየኝም። በ10 እና በ40 መካከል ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጌም ሞድን ያላበራ ሰው ብዙ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ከካርቶኑ ሲወጣ ጠፍቶ ስለሚገኝ። እአአ በ2017 ይፋ የሆነው ኤችዲኤምአይ 2.1 የተሰኘው የገመድ መስፈርት ለዚህ መላ አበጅቷል። ኤኤልኤልኤም በሚባለው አሠራር ማጫወቻው ጌም ሲጀመር ለቴሌቪዥኑ ምልክት ይልካል፤ ቴሌቪዥኑም ያለ ሪሞት ወደ ጌም ሞድ ይገባል። ማጫወቻውም ቴሌቪዥኑም ይህን ካልደገፉ ሥራው የተጠቃሚው ነው። ኮምፒውተር ከቴሌቪዥን ጋር ለሚያያይዙ ደግሞ፣ በኤልጂና በሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች ላይ የገመዱን መግቢያ ስም ወደ "ፒሲ" መቀየር ጽሑፉን ያጠራዋል፤ አላስፈላጊ ማሳመሪያዎችንም ይቀንሳል።

*የሰው ልጅ ይህን ያህል ፈጣን ነው ወይ?*

ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ሰው ብርሃን አይቶ ቁልፍ ለመጫን በአማካይ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበታል። ታዲያ 50 ሚሊ ሰከንድ ምን ይለውጣል?

የመጀመሪያው መልስ፣ መዘግየት ተደማሪ ነው። ሁለት እኩል ፈጣን ተጫዋቾች በኢንተርኔት ቢገጥሙና አንዱ 50 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ቢያይ፣ ያ ሰው በእያንዳንዷ ቅጽበት በሦስት ምስል ይቀደማል። "ስትሪት ፋይተር 6" ውስጥ ፈጣኑ ምት በአራት ምስል፣ ማለትም በ67 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ ይደርሳል።

ሁለተኛው ይበልጥ ጠንካራ ነው። ጌም በአብዛኛው አይቶ መመለስ ሳይሆን መገመት ነው። የምትወርድን ኳስ በግንባሩ የሚገጭ ተጫዋች ኳሷን ካየ በኋላ አይዘልም፤ የምትደርስበትን ቅጽበት ገምቶ ቀድሞ ይዘላል። በዚህ ዓይነት ሥራ የሰው ልጅ ከአፀፋ ፍጥነቱ በብዙ እጥፍ የጠራ ነው፤ ከበሮ መቺ ምቱን የሚጠብቀው በዚህ ችሎታው ነው። መዘግየቱ የሚያበላሸው ይህን ግምት ነው። ከተጫዋቹ ጋር ብዙ ሰዓት የቆየ የተወሰነ መዘግየትን አእምሮ ሊለምደው ይችላል፤ ለዚህም ነው ቤቱ ሲጫወት የማይቸገረው ልጅ ጓደኛው ቤት ሲሄድ የሚሸነፈው፣ ወይም በተቃራኒው።

ቼዝ፣ ካርታ ወይም በተራ የሚኬድበት ጌም ለሚጫወት ሰው ግን ይህ ሁሉ ትርጉም የለውም። ምርጥ የፊልም ምስል ያለውን ይግዛ።

*ካርቶኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሌላ ናቸው*

ሱቅ ገብቶ ስለ መዘግየት የጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ "1 ሚሊ ሰከንድ ነው" የሚል መልስ ያገኛል። ሻጩ እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ የሚያነበው ግን የሌላ ነገር ቁጥር ነው። ያ ቁጥር የፒክስል ምላሽ ጊዜ ሲሆን፣ አንዲት የስክሪን ነጥብ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ለመለወጥ የሚወስድባትን ጊዜ ይናገራል። የምላሽ ጊዜው ረጅም ሲሆን የሚሮጥ ሰው ከኋላው ጥላ ይጎትታል። ኦሌድ ስክሪኖች በዚህ ከኤልሲዲ እጅግ ይልቃሉ። ነገር ግን ጥላ የማይጎትት ስክሪን ዘግይቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ሁለቱ ተያያዥ አይደሉም።

"ሞሽን ሬት 240" እና መሰል ስያሜዎችም ገበያ የወለዳቸው ናቸው። ስክሪኑ በእውነት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ የሚናገረው ኸርዝ የሚለው ቁጥር ሲሆን፣ "ሞሽን ሬት 240" የተጻፈበት ቴሌቪዥን 120 ኸርዝ ሊሆን ይችላል፤ ከማስታወቂያው ቁጥር ይልቅ የስክሪኑን ተፈጥሯዊ ኸርዝ መጠየቅ ይሻላል።

"ኤችዲኤምአይ 2.1" የሚለው ጽሑፍ ራሱ ዋስትና አይሆንም። እአአ በ2021 መጨረሻ የመስፈርቱ አስተዳዳሪ አካል፣ በ2.1 ስር ያሉት አዳዲስ አሠራሮች ሁሉም በአምራቹ ምርጫ የሚካተቱ እንጂ ግዴታ እንዳልሆኑ ገልጿል። በመሆኑም አንድ ቴሌቪዥን 4ኬን በ120 ኸርዝ ሳይቀበል ስያሜውን ሊይዝ ይችላል። የሚቀበሉትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ካሏቸው አራት መግቢያዎች ይህን የሚችሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ሳውንድባር የሚሰካበት ሊሆን ይችላል። ሁለት ማጫወቻና አንድ ሳውንድባር ላለው ቤት ይህ ከምስል ጥራቱ እኩል ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ትክክለኛው የመዘግየት ቁጥር ከአምራቹ ይልቅ ከገለልተኛ ሞካሪዎች ይገኛል። በካናዳ ሞንትሪያል የሚገኘው አርቲንግስ ቴሌቪዥኖችን ገዝቶ በመለካት በየሞዱ ያለውን መዘግየት ለብቻ ያወጣል። ሊዮ ቦድናር የተባለው መለኪያ መሣሪያም በስክሪኑ ላይ ብልጭ የሚል ነጭ ሰሌዳ ልኮ ብርሃኑ የታየበትን ቅጽበት በመያዝ ይሠራል።

ይህ ሁሉ የማይደርሰው ሰው የካርማክን ዘዴ ቤቱ ሊሞክር ይችላል። ብዙ የዛሬ ስልኮች በሰከንድ 240 ምስል ይቀርጻሉ፤ እያንዳንዱ ምስል 4.2 ሚሊ ሰከንድ ነው። ጆይስቲኩንና ስክሪኑን በአንድ ቀርጾ፣ ጣት ቁልፉን ከነካበት እስከ ተጫዋቹ እንቅስቃሴ ያሉትን ምስሎች መቁጠር ነው። የሚገኘው ድምር የጌሙንም መዘግየት ስለሚጨምር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ጌም ሞድ በርቶና ጠፍቶ የተገኙት ሁለት ድምሮች ልዩነት ግን የቴሌቪዥኑ ነው።

*ቴሌቪዥኑ ወይስ ኢንተርኔቱ?*

"ላግ ያደርጋል" የሚለው አነጋገር ሁለቱንም ያጠቃልላል፤ መለየቱ ግን ቀላል ነው። ኢንተርኔቱ ተነቅሎ፣ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲጫወቱም መዘግየቱ ካለ ምንጩ ኢንተርኔቱ አይደለም። በኢንተርኔት ሲገጥሙ ብቻ የሚመጣና የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ ቴሌቪዥኑን መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

የኢንተርኔቱን መዘግየት በከፊል የሚወስነው ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ጀርመኗ ፍራንክፈርት በአየር መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ደርሶ መልሱ ሌላ እንቅፋት ባይኖር እንኳ ከ50 ሚሊ ሰከንድ አያንስም። እስከ ዱባይ ከሆነ ወደ 25 ገደማ። ገመዱ በቀጥታ ስለማይሄድ እውነተኛው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ፍራንክፈርት የሚኖር ወንድም አዲስ አበባ ካለ ታናሹ ጋር ሲገጥም ይህ ጊዜ የአንዱ ጥፋት አይደለም። ታናሹ ጌም ሞድ ባልበራበት ቴሌቪዥን የሚጫወት ከሆነ ግን በላዩ ላይ ሌላ 80 ሚሊ ሰከንድ በገዛ ቤቱ ይጨምርበታል። ይህኛውን በአንድ ደቂቃ ማስቀረት ይቻላል።

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ያሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶች በዚህ ረገድ ይታደላሉ፤ ሁለቱም ተጫዋች አንድ ስክሪን ስለሚያዩ መዘግየቱ ለሁለቱም እኩል ነው።

ድምፅም የራሱ መዘግየት አለው። የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ ወይም ድምፅ ማጉያ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ መጨመሩ የተለመደ ነው። የእግር ኮቴ ሰምቶ መዞር በሚጠይቅ ጌም፣ ባለ ገመዱ ወይም ከጆይስቲኩ ጋር የሚያያዘው ማዳመጫ ይመረጣል።

*ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት*

በአውሮፓ ኅብረት አገራት በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ ያለ ምክንያት በ14 ቀናት ውስጥ የመመለስ መብት በሕግ የተደነገገ ነው። በአሜሪካ ሁሉንም ሱቆች የሚያስገድድ እንዲህ ያለ የፌዴራል ሕግ ባይኖርም ትልልቆቹ ሱቆች የራሳቸው የመመለሻ ቀነ ገደብ አላቸው። በስልክ ቀርጾ መፈተሽ የሚገባው ካርቶኑ ሳይጣል፣ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ነው። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት በተለጠፈበት የአዲስ አበባ ሱቅ ግን ፈተናው እዚያው መደረግ አለበት። ማጫወቻን ተሸክሞ መሄድ ያሳፍር ይሆናል፤ የብዙ ወር ደመወዝ የሚወጣበት ዕቃ ግን ያን ያህል ይገባዋል። ያ ካልተቻለ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ጽፎ ወጥቶ መፈለግ ይበጃል። በአንድ ስም የሚሸጡ ቴሌቪዥኖች እንደ ኢንቹና እንደ አገሩ የተለያየ ስክሪን ስለሚይዙ፣ የ55 ኢንቹ ውጤት ለ43ቱ ላይሠራ ይችላል።

ከአሜሪካ ገዝተው ወደ አገር ቤት ለሚልኩ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኃይል 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ 220 ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለው ምልክት "100–240" የሚል ከሆነ ችግር የለም፤ "120" ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ሲሰካ ይቃጠላል።